አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?

ከአዋሽ ተነሥተው በሚሌ በኩል ወደ ሎጊያ ሲጓዙ፣ በመንገድ ዳር ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ቢያዩ ሥራ ፈት አይበሏቸው። ዳጉ እየተለዋወጡ ይሆናል።

በአፋር ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩና ውሃው እንዴት ነው? የከብት በሽታ ወይም ጠብ አለ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ወሬ መደበቅ ነውር፣ ዋሽቶ ማውራት ደግሞ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሌን ቤቱን የምትሠራውም፣ የምትነቅለውም፣ ውሃ የምትቀዳውም ሴቷ ናት። «ዘንቧል» ተብላ ቤቷን በግመል ጭና፣ ልጆቿን አስከትላ ከሄደች በኋላ አገሩ ደረቅ ሆኖ ቢቆያትስ? አንዲት የሐሰት ወሬ ቤተሰብ ታስጠማለች።

እኛስ፣ እህቶች? ከአቦል እስከ በረካ የጎረቤት ትዳር፣ የልጅ መድኃኒት፣ የሰው ስም በስኒው መሀል ያልፋል፤ ዛሬማ በስልክም ይዛመታል። እንግዲህ ወሬ ሲመጣልን ለሌላው ከማቀበላችን በፊት፣ «አይተሽ ነው ወይስ ሰምተሽ? ከማን?» ብሎ መጠየቅን ከአፋሮች እንማር።