ያልተወረወረች ፍላጻ

ታማኝነት የሚባለው ነገር በሁለት ስፍራ ይፈተናል። አንደኛው በጦር ሜዳ ነው፤ በዚያ ጌታም፣ ወዳጅም፣ ጠላትም ያያልና ሰው ለስሙ ሲል እንኳ ይጸናል። ሁለተኛው ግን በጓዳ ነው፤ በዚያ የሚያይ ምስክር፣ የሚያመሰግን አዝማሪ የለም፤ ያለው ኅሊናና የሚቈጠር ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ የታማኝን ተኳሽ ነገር ሊመረምር የሚወድ ሰው፣ ስንት ጠላት ጣለ ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ ጣል ተብሎ ማንን ሳይጥል ቀረ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በቀስት የታወቀ ታማኝ ቢፈለግ፣ መጻሕፍትን ለተማረ ሰው አስቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣው የሳኦል ልጅ ዮናታን ነው። ዮናታን የንጉሥ ልጅ፣ የዙፋን ወራሽ ሲሆን፣ ከበጎች በረት የመጣውን ዳዊትን እንደ ነፍሱ ወደደው፤ ካባውን፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን ሰጠው። ኋላም ሳኦል ዳዊትን ሊገድል በፈለገ ጊዜ፣ ዮናታን ወደ ሜዳ ወጥቶ ፍላጻ ወረወረ፤ ፍላጻ ለቃሚውን ብላቴናም ወደ ፊት ሂድ ብሎ በመጥራት፣ ለተሸሸገው ወዳጁ ሽሽ የሚል ምልክት ሰጠው። ብላቴናው ሰሙን ብቻ ሰማ፤ ወርቁን የሰማው ዳዊት ነበረ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዮናታን በጦርነት ብዙ ጠላት የጣለ ኃያል ነው፤ ነገር ግን ለወዳጁ ሲል የወረወራት ፍላጻ ማንንም ያልነካች ናት። ደግሞም አባቱን አልካደም፤ በጊልቦዓ ተራራ ከሳኦል ጋር ወድቋል። የልጅነቱን ግዴታ ለአባቱ ፈጸመ፤ ንጹሕ ደም ለማፍሰስ ግን አልታዘዘም። እንግዲህ ታማኝነት ሁሉን እሺ ማለት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የሩቅ ሀገር ደራስያንም ይህን ዐይነት ሰው አልዘነጉትም። እንግሊዛዊው ቶልኪን ከ1946 እስከ 1948 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ባሳተመው ረጅም ተረት ውስጥ ሌጎላስ የሚባል ቀስተኛ አለ። ሌጎላስ ከሰው ልጅ ወገን አይደለም፤ ኤልፍ ከሚባል፣ እርጅና ከማያውቀው ነገድ የተወለደ ነው። ይሁን እንጂ ከወገኖቹ ጋር የቈየ ቂም ካለው ከድንኮች ነገድ የተወለደውን ጊምሊን ወዳጁ አድርጎ፣ በመከራው ሁሉ ከአጠገቡ አልተለየም። የተረቱ ምሥጢር ታማኝነት ለዘመድ ብቻ የሚከፈል ዕዳ አለመሆኑ ነው። ተረት ግን ተረት ነው፤ ይህን የሚመስል ነገር በእውነት የተደረገበትን ስፍራ ለማግኘት ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም።

በከተማይቱ ምዕራብ ያለው ክፍለ ከተማ ኮልፌ ቀራንዮ ይባላል። በኦሮምኛ ኮልፋ ሣቅ ማለት ነው፤ ቀራንዮም ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ነው፤ ሁለቱን ስም በአንድነት የሰማ ባለ ቅኔ ዝም ብሎ አያልፋቸውም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት በገባ ጊዜ፣ በኮልፌ ወደሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር አንድ እንግዳ መጡ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸው 44 ዓመት ሊሞላ የቀረበ፣ በትውልድ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በሙያ ጠበቃ የሆኑት ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። በሀገራቸው በመጋቢት 1952 ዓ.ም. ፖሊስ በሻርፕቪል 69 ሰው ገድሎ፣ ድርጅታቸውም ከታገደ በኋላ፣ የሰላሙ መንገድ ስለ ተዘጋባቸው የጦር ትምህርት ፈልገው መጥተዋል።

ማንዴላ የሚጓዙት በተለወጠ ስም ነበረ፤ በያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የተጻፈው ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ የሚል ነው። ዴቪድ ዳዊት ነው፤ ሞትሳማዪም በሶቶ ቋንቋ መንገደኛ ማለት ነው። የቀደመው ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ ከዋሻ ወደ ዋሻ እንደ ተንከራተተ፣ ይህ መንገደኛ ዳዊትም ከሀገር ወደ ሀገር ዞሮ ኮልፌ ደረሰ። በዚያም በጠመንጃና በሽጉጥ ማነጣጠርን፣ የሞርታርንና የፈንጂን ነገር፣ ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድን ተማሩ። የጦር ጥበብ ያስተምሯቸው የነበሩት በዚያን ጊዜ ኮሎኔል፣ ኋላም ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ነበሩ።

እንግዳውን እንዲጠብቁ ከታዘዙት ወታደሮች አንዱ፣ ኋላ እስከ ሻምበልነት የደረሱት ጉታ ዲንቃ ናቸው። እኒህ ሰው በእርጅናቸው ዘመን ለጋዜጠኞች እንደ ተረኩት፣ የሚጠብቁትን እንግዳ ቢገድሉ ብዙ ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በዝግታ መዝነው። ዘበኛ ከእንግዳው ደጃፍ የማይለይ ነው፤ የሚተኛበትንም የሚነሣበትንም ሰዓት ያውቃል። እንግዳው ዘመዱ አይደለም፤ ቋንቋውን አይሰማም፤ ቢሞት በሀገሩ የሚያለቅስለት የለም። ሰውየው 27 ዓመት ታስሮ ኋላ የሀገር መሪ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፤ የገንዘቡ ክብደት ግን ወዲያው ይታወቅ ነበረ። ጉታ ዲንቃ ገንዘቡን እምቢ ብለው ነገሩን ለአለቃቸው አመለከቱ።

ይህ እምቢታ በአማርኛችን ስም አለው፤ አደራ መጠበቅ ይባላል። አደራ ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ የሚያውቁት ውል ነው፤ ማኅተም የለውም፣ ዳኛም አያየውም። በሀገራችን ልማድ አደራ የበላ ሰው ከሌባ ይልቅ የሚጠላው ስለዚህ ነው፤ ሌባ የሰረቀው ያልታመነበትን ነው፤ አደራ በላ ግን የታመነበትን ራሱን ይሸጣል።

የማንዴላ ትምህርት ስድስት ወር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ድርጅታቸው ወደ ሀገር ተመለስ ብሎ ስለ ጠራቸው በጥቂት ሳምንት ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ታደሰ ብሩ አንድ አውቶማቲክ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጧቸው፤ ዮናታን ቀስቱንና ሰይፉን ለዳዊት እንደ ሰጠ መሆኑ ነው። ማንዴላ ሽጉጡን ይዘው ገብተው በጆሃንስበርግ አጠገብ በሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። የተቀበረው ሽጉጥ ኋላ በብዙ ድካም ቢፈለግም ሳይገኝ ቀረ። ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በግንቦት 1986 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሰጪውስ ምን ሆኑ? ታደሰ ብሩ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተነሣ ጊዜ ለዙፋኑ ታምነው ከቆሙት መካከል ነበሩ። ኋላ ግን በመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ገብተው ስለ ሕዝባቸው መናገር በጀመሩ ጊዜ፣ ያ የታመኑለት መንግሥት በ1959 ዓ.ም. አሰራቸው፤ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ዘውዱን የጣለው ደርግ ደግሞ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ገደላቸው። ያስተማሩት መንገደኛ ነፃ ሲወጣ ለማየት አልታደሉም። ማንዴላ በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው የሽጉጡን ስጦታ በምስጋና ጽፈዋል፤ የዘበኛው እምቢታ ግን በመጽሐፉ የለም።

እንግዲህ ታማኝነት ምን ጠቀመ የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በችኰላም ሊመለስ አይገባውም። ዮናታን ዘውዱን ሳይወርስ ሞተ፤ ታደሰ ብሩ ካገለገሉት ዘውድም፣ ዘውዱን ከጣለውም ጥይት አልዳኑም፤ ጉታ ዲንቃ ብዙ ዘመን ስማቸው ሳይነሣ ኖሩ። ታማኝነት በብድር የሚሰጥ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ከሳሪ ነበሩ። ነገር ግን ብድር አይደለም። ብድር መልስ ይጠብቃል፤ አደራ ግን የሚፈጸመው ሲጠበቅ ነው። ዘበኛው እምቢ ባሉበት ሰዓት ነገሩ ተፈጽሟል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝናም ዝምታም አይጨምርለትም፣ አይቀንስለትም።

ደግሞም የታሪክ ጸሐፊ የተተኰሰውን ይቈጥራል፤ የተተኰሰ ጥይት ድምፅና ቍስል አለውና። ያልተተኰሰው ግን ምስክሩ የዳነው ሰው ዕድሜ ብቻ ነው። ማንዴላ ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ከዚያ ዕድሜ ከ50 ዓመት የሚበልጠው ከኮልፌ ወዲህ የተቈጠረ ነው። የአንድ ዘበኛ እምቢታ በዓመት ቢለካ ይህን ያህል ነው።

ይህም ለወታደር ብቻ የተነገረ አይደለም። ገንዘብ ያዥ በሣጥኑ አጠገብ፣ ጸሐፊ በማኅተሙ አጠገብ፣ ካህንም በኑዛዜ በሰማው ምሥጢር አጠገብ እንደ ዘበኛ የቆሙ ናቸው። ዋጋ ይዞ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ነፍስ ግደል አይልም፤ ብዙ ጊዜ የሚለው ትንሽ ዝም በል፣ ትንሽ ዞር በል ነው። በዚያን ሰዓት የሚያይ ሰው ስለማይኖር፣ መልሱ አስቀድሞ በልብ ተዘጋጅቶ ሊቈይ ይገባል።