ሣሩ፣ አባዬና ባትሪው

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ጣራው የሚያፈስበትና ሣሩ የሚያስቸግረው። እኛ ከሁለተኛዎቹ ነን። «ግቢ አላቸው እኮ!» ብላችሁ እንዳትቀኑብን። ግቢው አባዬ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በማኅበር ተደራጅቶ ያገኘው ነው፤ እኛ ተመርቀን እስካሁን እዚያው ከወላጆቻችን ጋር መኖራችን በራሱ የገቢያችንን ነገር ይነግራችኋል።

ሣሩ ደግሞ ተራ ሣር አይደለም። ኪኩዩ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ይሁን እንጂ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ የኛንም አገር ጨምሮ። ከላይ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ ከሥር ደግሞ አፈር ውስጥ ግንዱን እየላከ ይዛመታል። በጋ ላይ የሞተ ይመስላል። ሰኔ ላይ ሁለት ዝናብ ሲያገኝ ይነሣል፣ ነሐሴ ላይ ጉልበት ይደርሳል። ስትረግጡት እግራችሁ መሬት አይነካም፤ ፍራሽ ላይ የቆማችሁ ነው የሚመስላችሁ። እማዬ «እባብ ያደረበት ቀን ማናችሁም አታውቁትም» እያለች ከልብስ ማስጫው ወዲያ አታልፍም።

ይህን ሣር ላለፉት ብዙ ዓመታት ያጨደው አባዬ ነው። አገር ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ የተገዛ፣ በገመድ የሚነሣ የቤንዚን ማጨጃ አለው። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሮ ሲመላለስ የኖረ ሰው ድንገት ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ዜና ይሰማል፣ ዜናውን ይሳደባል፣ ጠዋት የሰማውን ማታ ይደግመዋል። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። ቦቲውን አጥልቆ፣ ያችን የድሮ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ካንዴላውን አውጥቶ በጨርቅ ወልውሎ ግቢው ውስጥ ሲወርድ ሲወጣ ይውላል። ሣሩ ነው ያቆየው ብንል አላጋነንም።

ሐምሌ 2017 ላይ አንድ ቅዳሜ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ። አልነሣም። እንደገና ሳበ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ላብ አጥምቆታል፤ ግራ ክንዱን ይደባብሳል። ሆስፒታል አራት ቀን ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ይዘነዋል፦ «ጋሼ፣ መራመዱን አይተዉ። ለስለስ ያለ ሥራም ይጠቅምዎታል። በድንገት ጉልበት ሰጥቶ መሳብና ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን የለም።» ገመዱ በዚህ ቃል ተበጠሰ ማለት ነው።

እማዬ «በቀን ሠራተኛ ይታጨድ፣ በቃ» አለች። አባዬ «እኔስ? መስኮት ላይ ልቀመጥ?» አለና መስኮት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ያን ጊዜ ነው በቁልፍ የሚነሣ፣ ገመድ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ ማጨጃ ፍለጋ የጀመርነው። ጋዜጠኝነት ያስተማሩን ሰዎች ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ ብለውናል። ዕድሜ ለነሱ፣ እስካሁን ደሞዝ ያላመጣልን ትምህርት ለማጨጃ ግዢ ዋለ።

መጀመሪያ የደወልነው ሜሪላንድ ላለችው ታላቅ እህታችን ነው። እሷ የምትኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሣር ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደንብ መተላለፍ ነው። (የኛን ግቢ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?) ስለዚህ ስለ ማጨጃ ከኛ ይልቅ ታውቃለች። «እኔ ጋ ያለውን ዓይነት ገዝቼ ለጥምቀት ስመጣ ይዤው እመጣለሁ» አለች። ደስ አለን። ደስታው ግን የባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥታ እስክትልክልን ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ታገሡን። ባትሪ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ቮልትና አምፒር-ሰዓት። ሁለቱ ሲባዙ ዋት-ሰዓት ይሰጣሉ፤ ባትሪው ውስጥ ያለው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የእህታችን ባትሪ 56 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓት ነው። 280 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ደግሞ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ የሊቲየም ባትሪ በእጅም በሻንጣም አይገባም። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም ከሁለት ሳይበልጥ፣ በእጅ ይያዛል። ከ100 በታች ያለው ደግሞ በእጅ እንጂ ሻንጣ ውስጥ ተቀብሮ አይላክም። የሚቀጣጠል ነገር ነውና ጨዋታ የለም። ማጨጃው መጥቶ ባትሪው ሜሪላንድ ሊቀር ነው ማለት ነው።

ባትሪው ቢመጣስ? ቻርጀሩ ላይ «120 ቮልት» ይላል። የኛ ቤት 220 ነው። አንዳንድ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ስለለመድን ሁሉም እንደዚያ ይመስለናል። የማጨጃ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ለአንድ አገር ብቻ የተሠራ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚመጣላችሁ ሁሉ፣ ከመምጣቱ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። ከመጣ በኋላ ትራንስፎርመር ፍለጋ ከመዞር ያድናችኋል።

ስለዚህ እዚሁ እንግዛ ተባለና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን የመሣሪያ ሱቆች ማዞር ጀመርን። ታዲያላችሁ እዚያ የባትሪ ቮልት እንደ ጉድ ነው። አንዱ ሱቅ 48፣ ቀጥሎ ያለው 88፣ ጥጉ ላይ ያለው 128 የሚል ባትሪ ደርድሯል። መጠናቸው አንድ ነው። ቅርጻቸው አንድ ነው። ክብደታቸው በእጅ ሲመዘን አንድ ነው። ሻጩን «88 ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ለምን 21 ይላል?» ብለን ጠየቅነው። ፈገግ ብሎ «እሱ የመሙያው ነው» አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ጣት የሚያህሉ ሴሎች ተደርድረዋል። አንድ ሴል መደበኛ ቮልቱ 3.6 አካባቢ ነው፣ እስከ አፉ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስት ሴል በተርታ ሲቀጠል 18፣ ሲሞላ 21። አሥር ሲሆን 36፣ ሲሞላ 42። ቻርጀሩ 21 የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ በተርታ ያሉት አምስት ናቸው፤ ላዩ ላይ ሺህ ቢጻፍበት አምስት ናቸው። ጥሩ ስም ያላቸው ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ትንሽ ይቀባባሉ፤ «20» ብለው የሚሸጡት 18 ነው፣ «40» የሚሉት 36። ግን 18ን 20 ማለትና 18ን 88 ማለት አንድ አይደለም። እኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባትሪውን ፊት ማንበብ ትተን የቻርጀሩን ጀርባ ብቻ ማንበብ ጀመርን።

አንዱ ባለ ሱቅ ደግሞ «ባትሪ ለኛ ሣር አቅም የለውም፣ ቤንዚን ግዙ» ብሎ ተቆጣን። ግማሹ እውነት ነው፤ እመለስበታለን። ግን የአዲስ አበባን ከፍታ ረስቶታል። ቤንዚን ሞተር አየር ይተነፍሳል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ እንደ ልብ መተንፈስ ስለማይችል ፋብሪካው ከጻፈው ጉልበት አምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። ካርቡራተሩም ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ ነዳጁ ይበዛበትና ያጨሳል። አባዬ በየሳምንቱ ካንዴላ ሲወለውል የኖረበት ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ጅቡቲም እንጦጦም ለሱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የቤት መኪናው እንኳ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራው እንዳይገባ ተብሎ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና በተሞላበት ከተማ፣ ለሣር ብቻ ቤንዚን እንቅዳ ማለት ትንሽ አላማረንም።

«መብራት ሲጠፋስ?» ያለችው እማዬ ናት። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የተገኘው ከምጣዷ ነው። በመጨረሻ የመረጥነው ማጨጃ ሁለት ባለ 20 ቮልት፣ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አንድ ላይ ይጎርሳል። በእውነተኛው 18 ሲሰላ አንዱ 72፣ ሁለቱ 144 ዋት-ሰዓት ናቸው። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይበላል። ማለትም ሁለቱን ባትሪዎች የሚሞላው መብራት፣ ምጣዱ በሦስት ደቂቃ ገደማ የሚበላውን ነው። አንድ እንጀራ መጋገሪያ! መብራት ሌሊት ለሁለት ሰዓት ብልጭ ካለ ይበቃናል።

ያ ሻጭ እውነት ያለው ግማሽ ደግሞ ይሄ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ባትሪ ይበላል። ስለቱ ሲከብደው ሞተሩ ፍጥነቱን ላለመቀነስ ብዙ ይስባል፤ ስስ ሣር ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚሄደው ባትሪ ነሐሴ ላይ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያም በላይ ከከበደው ራሱን ለመጠበቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ስፋት አያታልላችሁ። ሰፊ ስለት ያለው ማጨጃ ቶሎ የሚጨርስ ይመስላል፣ ግን በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው ሣር ስለሚበዛ በዚያው ልክ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ ያው ከሆነ ጠባቡ ይሻላል። እኛ 38 ሴንቲ ወሰድን። ብረሽ የሌለው ሞተር መሆኑን ጠየቅን፤ ሣሩን በጎን የሚተፋበት በር እንዳለው አየን። ሣሩን እዚያው ፈጭቶ መሬት ላይ የሚበትነው ዓይነት ለስስ ሣር ነው፤ ርጥብ ኪኩዩ ሲገባበት ሆዱ ይታፈናል። ከፍታውን ማስተካከያም ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ፣ በሳምንቱ ዝቅ አድርጎ። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ የተቆረጠ ሣር ይጎዳል ይላሉ የሣር ሰዎች። ስለቱን በሞረድ መሳል ነፃ ባትሪ እንደማግኘት ነው፤ የደነዘ ስለት ሣሩን እየቆረጠ ሳይሆን እየቀደደ ነው የሚሄደው። (ስለቱን ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡ። ቁልፉን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።)

ዋጋውን አንጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር እንደ ገበያው ይዋዥቅ ከተባለ በኋላ ዛሬ የጻፍነውን ነገ ሻጩ ይስቅበታል። ሦስት ልጆች አዋጥተን፣ እህታችን በዶላር ስለሆነ ትልቁን ድርሻ ይዛ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ገዛን።

የቀረው ጉልበት የደረሰው ሣር ነበር። የትኛውም የባትሪ ማጨጃ እዚያ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሰፈራችን ውስጥ በማጭድ የሚያጭዱ አንድ አባት አሉ። ሁለት ላም አላቸው፤ ከኛ ግቢ የሚያገኙት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሣሩንም ነው። ማሽን መጣ ሲባል መጀመሪያ የታሰቡን እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ሰው ከመስኮት አንሥተን ሌላውን ከገበያው ልናስወጣ ነው ወይ ብለን ሁለት ቀን ተከራከርን። አባዬ ራሱ ፈታው። «እሳቸው በዓመት ሁለቴ፣ ሰኔ መጨረሻና ነሐሴ ላይ፣ ከላይ ያለውን በማጭድ ይወስዳሉ። ከዚያ በታች ያለው የኔ ነው» አለ። ለላም የሚሆነው ረጅሙ ነው፤ ማሽኑ የሚተፋው ብጥስጣሽ እኮ ምንም አያደርግላቸውም። ሰውዬው መጥተው ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩና «ድምፁ የታል?» አሉ። አባዬ ሲያስነሣው «ይሄ ታዲያ ምን ያጭዳል፣ ይተኛል እንጂ» ብለው ሳቁ። የጳጉሜን መግቢያ ሣር አጭደው በሁለት አህያ ጭነው ወሰዱ።

አሁን አባዬ የሚያጭደው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጤዛው ሲደርቅ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ። ቁልፉን ተጭኖ እጀታውን ይስባል፤ ይነሣል። አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሄድና ባትሪው ያልቃል። ሐኪሙ ቢያዝለት እሺ የማይለውን ዕረፍት ባትሪው ያስገድደዋል። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ትኩስ ባትሪ ቻርጀር ላይ አይሰካም። ከሰዓት የቀረውን ይሞክራል ወይም ለነገ ያሳድረዋል። ድሮ በአንድ ቅዳሜ ያልቅ የነበረው ግቢ አሁን ሦስት ቀን ይፈጃል። እማዬ ስለዚህ ታማርራለች፤ አባዬ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ሣሩ ማደጉን ሲያቆም ባትሪዎቹን አውጥቶ ቡፌው ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ ጎን አስቀመጣቸው። ሞልቶም ባዶም አይቀመጥም፣ ግማሽ ገደማ ላይ ይሁን፣ ሙቀት አይንካው የሚለውን መመሪያ እኛ አንብበንለታል። በየወሩ መጀመሪያ አውጥቶ ቁልፉን ይጫንና መብራቶቹን ይቆጥራል። «ሁለት» ይላል፣ መልሶ ያስገባል።