የኅዳር ጢስ

ውድ አንባቢ ሆይ! ኅዳር 12 ቀን በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ቆሻሻ ሲቃጠል ጢሱ አስለቅሶዎት ያውቃልን? አክስቴ «በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ እንዳይመለስ ነው» ይሉኝ ነበር።

በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የዚህ ቫይረስ የጥንት ቤቱ የውሃ ወፎች ናቸው። የዘር ትእዛዙ በ8 ቁራጭ የተከፈለ ስለ ሆነ፣ የወፍና የሰው ቫይረስ በአንድ ገላ ሲገናኙ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ሰውነታችን የማያውቀውም አዲስ ዓይነት ይወለዳል። በፈረንጆች 1957 ዓለምን ያዳረሰው ቫይረስ 3 ቁራጭ ያገኘው ከወፍ ነበር።

ነገር ግን ከወፍ ቢነሣም ወደ ቤታችን የሚያስገባው የእኛው ሳል ነው። እኔም ዓምና «ሥራ ይበደላል» ብዬ እያሳለኝ ቢሮ ዋልሁ፤ ማታም አክስቴን ልጠይቅ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን እሳቸው አልጋ ያዙ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ፤ እኔ ግን አፈርሁ።

አንባቢዬ ሆይ! ጢሱን ያጢሱ፤ ሲያስልዎት ግን ከቤትዎ ይቀመጡ።