ሞሞኤ ያማጉቺ፣ ማይኳን መሬት ላይ ያኖረችው

ስለ ጃፓን ፖፕ ሲወራ የሞሞኤ ያማጉቺ ስም ከተነሳ፣ አብሮ የሚነሳው አንድ ወሬ ነው፦ በዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች አገባችና ዘፈን ተወች። ወሬው ሐሰት አይደለም። ግን በዚህ መልክ ባነበብኩት ቁጥር ይከነክነኛል። የሰባት ዓመት ተኩል ሥራዋን በቅደም ተከተል ያዳመጠ ሰው የሚያገኛት ለትዳር ብላ ሙያዋን የሠዋች ልጅ አይደለችም። መጀመሪያ ትልልቆች የሰጧትን ቃል እየዘፈነች የኖረች፣ ቀስ በቀስ ግን ማን እንደሚጽፍላት፣ ምን እንደምትል፣ በመጨረሻም መቼ ዝም እንደምትል ራሷ የወሰነች ሴት ናት። መድረክ መልቀቋን ከዚህ ነጥዬ ማየት አልችልም።

ቶኪዮ ውስጥ በ1959 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደገችው ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር ሰፈር ባለባት የወደብ ከተማ በዮኮሱካ ነው። አባቷ ሌላ ትዳር የነበረው ሰው ነው፤ እሷንና ታናሽ እህቷን ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት። በ1972 በ13 ዓመቷ «ስታር ታንጆ» በተባለ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ቀረበች። እንደ ኢትዮጵያን አይዶል ያለ መድረክ ነበር፤ ልዩነቱ የመጨረሻው ዙር ላይ የአርቲስት ወኪሎችና የሙዚቃ ድርጅቶች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው፣ የሚፈልጉትን ልጅ ሲያዩ የድርጅታቸውን ስም የያዘ ሰሌዳ ከፍ ያደርጉ ነበር። ሞሞኤ ሁለተኛ ወጣች። የአርቲስት ወኪሉ ሆሪፕሮ ወሰዳት፤ በ1973 ግንቦት ወር የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ወጣ። ብዙም አልሰመረም።

ያኔ ነው አዋቂዎቹ አቅጣጫ የቀየሩት። ከሁለተኛው ዜማ ጀምሮ የ14 ዓመት ልጅ ስለ ገላዋ፣ ለወንድ ራሷን ስለ መስጠት የሚያስጠረጥር ግጥም እንድትዘፍን ተደረገ። ሸመታው ደራ። በ1974 የወጣው «ሂቶ ናቱ ኖ ኬይከን» የዚህ ሁሉ ጫፍ ነው፤ ልጅቷ ለምትወደው ሰው ያላትን ከሁሉ የከበረ ነገር እሰጥሃለሁ የምትል ዘፈን። ገና 15 ዓመቷ ነበር። ይህን እንደ ዘመኑ ወግ ቆጥሮ ማለፍ አይሆንልኝም። ግጥሙን የጻፈው፣ ያሳተመው፣ የሸጠው ሁሉ ትልቅ ሰው ነበር፤ አፍ ያዋሰችው ልጅቷ ብቻ ናት። ጋዜጠኞቹም አልማሯትም። በሄደችበት ሁሉ «ያ የከበረ ነገር ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቋት ነበር፤ ስትሽኮረመም ለማየት። እሷ ግን ሳትሽኮረመም፣ ሳትቆጣም «ቅን ልብ ነው» ብላ ትመልስ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ሌላው ይጠይቃል፤ መልሷ ያው ነው። እኔ ሞሞኤን ያከበርኩት ከዚህ ጀምሮ ነው። ዘፈኑ የእሷ አልነበረም፤ መልሱ ግን የእሷ ነበር።

በዚያው ዓመት በካዋባታ ልብ ወለድ ላይ በተመሠረተው «የኢዙዋ ዳንሰኛ» ፊልም ላይ ተወነች። አብሯት የተወነው ቶሞካዙ ሚኡራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ፊልሞች ጥንድ ሆነው ቀጠሉ። ደም ካንሰር የያዛትን ወጣት የተጫወተችበት የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ በ1984፣ እሷ መድረኩን ከለቀቀች ከዓመታት በኋላ፣ በቻይና ታይቶ አገር ምድሩን አስለቅሷል። ስለ ትወናዋ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የእኔ ነገር ግን ዘፈኑ ላይ ነው።

ለውጡ የመጣው በ1976 ነው። ሞሞኤ ራሷ ከአንድ ሮክ ባንድ መሪ፣ ከሪዩዶ ኡዛኪ ጋር መሥራት እንደምትፈልግ ተናገረች። እንደ እሷ ላለች ወጣት ዘፋኝ ይህ የተለመደ አልነበረም፤ ዜማ ይሰጥሻል፣ ትዘፍኛለሽ። ኡዛኪ ዜማውን ሠራ፣ ግጥሙን ባለቤቱ ዮኮ አኪ ጻፈች። «ዮኮሱካ ስቶሪ» ወጣ፤ እስከዚያ ከነበሩት ዘፈኖቿ ሁሉ በላይ ተሸጠ። ድምፅዋን ብቻ ስሙት። ቀድሞ ከፍ እያለ የሚለማመጠው ድምፅ ዝቅ፣ ጠቆር ብሏል። ስታናግረው የማይሰማትን ወንድ እያየች የምትናገር፣ ነገሩን የተረዳች ሰው ድምፅ ነው። ግጥሙን የጻፈችው ሴት መሆኗ በእያንዳንዱ ስንኝ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ አብረው ሩቅ ሄዱ። በ1978 በወጣው «ፕሌይባክ ፓርት 2» ሴትየዋ ቀይ ፖርሽ ብቻዋን ትነዳለች፤ መንገድ ላይ ለሚጮህባት ወንድ መልስ ትሰጠዋለች፤ ትታው ለመጣችው ወንድም እንዲሁ። የሕዝብ ማሰራጫው ኤንኤችኬ የንግድ ስም በአየር ላይ ስለማያሳልፍ፣ በዚያ ጣቢያ ፕሮግራም ላይ ፖርሹን «መኪና» ብላ ዘፍናዋለች። ዘፈኑ በዚህ አልተጎዳም፤ መሪውን የያዘችው እሷ ናት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴትና ወንድ ዘፋኞች በሁለት ወገን በሚፎካከሩበት በአዲስ ዓመት ዋዜማው ታላቅ የኮሃኩ ዝግጅት ላይ የሴቶቹን ወገን ዘፍና የዘጋችው እሷ ነበረች፤ በ19 ዓመቷ። ያ ቦታ ዘወትር ለአንጋፋዎች የሚሰጥ ነው።

አንድ ዘፈን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1977 የዘፈን ደራሲው ማሳሺ ሳዳ በሠርጓ ዋዜማ ከእናቷ ጋር ስለምትቀመጥ ልጅ ዜማ ሰጣት። ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ ዘፈነችው እንጂ አልገባኝም ብላለች። ሳዳ እንደሚያወራው፣ ከመድረክ ስትሰናበት የዘፈኑ ትርጉም አሁን ገባኝ የሚል መልእክት ላከችለት። ሁለቱን ጊዜ አስቡት፦ ሳይገባት እንዳልገባት ተናገረች፣ ሲገባት ደግሞ ደራሲውን ፈልጋ ነገረችው።

በ1979 ኦሳካ መድረክ ላይ ቆማ ሚኡራን እንደምታፈቅር ራሷ ተናገረች። በ1980 ማርች ልታገባና ልትሰናበት መሆኑን አስታወቀች። ያን ዓመት «አኦይ ቶኪ» የተባለውን የሕይወት ታሪኳን አሳተመች፤ ስለ አባቷ፣ ስለ ልደቷ፣ ስለ ሥራዋ ሰዎች የሚያሙትን ሁሉ በራሷ አፍ የተናገረችበት መጽሐፍ ነው፤ በገፍ ተሸጠ። ኦክቶበር 5 ቀን በቡዶካን አዳራሽ የመጨረሻ ዘፈኗን ጨርሳ እጅ ነሳች፣ ነጩን ማይክ መድረኩ ወለል ላይ አኖረችና ወደ ኋላ ሄደች። 21 ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ብዙ ዘፋኝ ተሰናብቷል፤ አብዛኛው ለአንድ ምሽት፣ ለአንድ አልበም ይመለሳል፤ አልፈርድም። እሷ ግን ከ40 ዓመት በላይ ያንኑ ቃል ጠበቀች። የተሰናበተችበትን ዘፈን የሆንግ ኮንጉ ዘፋኝ ሌስሊ ቼንግ በካንቶንኛ ዘፍኖ ስሙን ተከለበት። ሁለት ወንዶች ልጆቿ አንዱ ዘፋኝ አንዱ ተዋናይ ሆኑ። በ2019 እሷ ራሷ መጽሐፍ ይዛ ብቅ አለች፤ ስለ ዘፈን ግን አይደለም፣ ለዓመታት በእጇ ስለ ሰፋቻቸው የጨርቅ ሥራዎች ነው። ትዳሯን ባርነት ነው የሚሉትም፣ ተምሳሌት ነው የሚሉትም እኔን አያሳምኑኝም። በ14 ዓመቷ የሌሎችን ምኞት እንድትዘፍን የተደረገች ልጅ፣ በ21 ዓመቷ «በቃኝ» ስትል ያን ቃል የጻፈላት ማንም የለም።

ዘፈኖቿ ከ2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ሙሉውን ይገኛሉ። ለመጀመር የምትፈልጉ «ዮኮሱካ ስቶሪ»ን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወደ 1974ቱ ተመለሱ፣ ከዚያ ወደ «ፕሌይባክ ፓርት 2»። የሰማችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ ድምፅዋ የት ላይ እንደተለወጠ።