«ቀጭ!» ሲል የዳንን ይመስለናል

መቼም ወገብ እስኪያመን ድረስ ወገብ ያለን አይመስለንም። ሰው «ወይኔ ወገቤን!» ሲል ስንሰማ እንስቃለን፤ የእርጅና ወግ ይመስለናል። እስቲ አንድ ቀን ይያዛችሁና ጫማ ለማሰር ጎንበስ በሉ! ያኔ ያሻችሁ ሰው ሁሉ መልአክ ይመስላችኋል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው። ለእኔ ግን ወጉ የሚያስቅ አይደለም።

ወንድሜ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ ይውላል። አንድ ሰሞን ወገቡን ይዞት ከአልጋ መውረድ አቅቶት ከረመ። ታዲያ አንድ እሁድ ማታ ደወለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ካይሮፕራክተር ጋ ሄድኩ። በጎኔ አስተኝቶ፣ ትከሻዬንና ዳሌዬን ይዞ አንዴ ገፋ ሲያደርገኝ ‹ቀጭ!› አለ። ሌላ ሰው ሆኜ ተነሳሁ! ለእማዬም እንዲህ ዓይነት ሰው ፈልጊላት እንጂ።»

እናታችንም በዚያው ሰሞን ወገቤን፣ ጀርባዬን ማለት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። እኔ ደግሞ ካይሮፕራክተር የሚባለውን ነገር የት አውቄ! ወንድሜ ሲያወራ ወጌሻ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ እጇን ይዤ ሰፈራችን ውስጥ ስሙ የተጠራ ወጌሻ ጋ ወሰድኳት። ሰውየው ደግ ነው። «የት ጋ ነው እማማ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» እያለ በቅባት ያሻታል፣ ይጫናታል። «ቀጭ!» ሲል እማዬ ፈገግ ትላለች። «እጁ መድኃኒት ነው» ትለኛለች። ሦስት ሳምንት ተመላለስን።

ማታ ማታ ግን ታቃስታለች። ጠዋት ስትነሳ ነጠላዋ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀሚሷ ሰፋት። «ጾሙ ነው» አልን። አዎ፣ ሁላችንም ጾሙ ነው አልን!

በኋላ ጎረቤት የጠቆሙን ሌላ አዛውንት ወጌሻ ጋ ሄድን። ሽማግሌው እጃቸውን ከአንገቷ ጀምረው ቀስ እያሉ አወረዱና መሀል ጀርባዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰጃት። ነገ አትበይ፣ ዛሬ!» አሉኝ። ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ።

ራጅ ተነሳች፣ ሌላም ሌላም ምርመራ ተደረገላት። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። እኔ ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ለካ አጥንትም ይበላል! ሐኪሙ «ይሄን ጀርባ ስታሳሹት ነበር?» ሲል መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ የወንድሜ ካይሮፕራክተር ነገር እንቅልፍ የነሳኝ። ምንድን ነው? ያድናል ወይስ አያድንም? ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 1895፣ ማለትም ከአድዋ ድል አምስት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል፣ ቀድሞ ግሮሰሪ ነጋዴ የነበረና ኋላ «በእጄ ማግኔት እፈውሳለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ነበር። እሱ የሚሠራበትን ሕንፃ የሚያጸዳ ሃርቬይ ሊላርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጆሮው አይሰማም ነበር። ፓልመር ጀርባው ላይ የወጣ አንጓ አገኘሁ ብሎ ተጭኖ መለሰውና ሰውየው ሰማ አለ። ልብ በሉ፣ የመስማት ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል ይሄዳል እንጂ ወደ ጀርባ አይወርድም። ሐኪሞች ታሪኩን አምነው የማይቀበሉት ለዚህ ነው።

ለሙያው ስም ያወጣለት ሳሙኤል ዊድ የተባለ ቄስ ነው። በግሪክኛ «በእጅ የተሠራ» እንደማለት ነው። ፓልመር በ1897 ትምህርት ቤት ከፈተ። በእጁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ኋላ ግን ከመቶ 95ቱ በሽታ የሚመጣው ከቦታው ከወጣ የአከርካሪ አንጓ ነው ብሎ ጻፈ። ጉድ እኮ ነው! በ1906 ያለፈቃድ አክመሃል ተብሎ ታሰረ። ሙያው ግን አልሞተም። በ1913 የካንሳስ ግዛት የፈቃድ ሕግ አወጣለት፤ የመጨረሻዋ ሉዊዚያና በ1974 ተከተለች።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር «እነዚህ አጭበርባሪዎች ናቸው» ብሎ ዘመተባቸው። ቼስተር ዊልክ የተባለ ካይሮፕራክተር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1976 ማኅበሩን ከሰሰና በ1987 ተፈረደላቸው። ሆኖም ፍርዱ ስለ ውድድር ሕግ እንጂ ስለ ፈውስ አልነበረም።

ታዲያ ያድናል? ለወገብ ሕመም፣ አዎ፣ በመጠኑ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጡት መመሪያ የወገብ ሕመምን ያለ መድኃኒት ለማከም ከሚረዱት ነገሮች መካከል ይሄን በእጅ አከርካሪ ማስተካከልን ጠቅሰውታል፤ ከእንቅስቃሴና ከመታሸት ጎን ለጎን ማለት ነው። ከእነሱ ይበልጣል ግን አላሉም። ለአስምስ? በ1998 በወጣ ጥናት ካናዳ ውስጥ አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ጥቅም አልተገኘበትም። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅም አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ አይደለም። ጣታችንን ስናስጮህ እንደሚሆነው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው።

አሁን ልብ የነካኝን ልንገራችሁ። በዚያው በ1998 በወጣ ሌላ ጥናት ሲያትል ውስጥ ወገባቸውን የሚያማቸው 321 ሰዎች ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ካይሮፕራክተር ጋ ሄደ፤ ሌላው ፊዚዮቴራፒ አገኘ፤ ሦስተኛው አንዲት ትንሽ የምክር መጽሐፍ ተሰጠውና ወደ ቤቱ ሄደ። በሕመሙ በኩል በሦስቱ መካከል የታየው ልዩነት ጥቂት ነው። በሁለት ዓመት የወጣው የሕክምና ወጪ ለካይሮፕራክተሩ ወገን በነፍስ ወከፍ 429 ዶላር ሲሆን ለመጽሐፏ ወገን 153 ብቻ ነው። «ሕክምናህ እንዴት ነበር?» ሲባሉ ግን ባለሙያ ካያቸው ከሁለቱ ወገኖች ከመቶ 75 ያህሉ «በጣም ጥሩ ነው፣ እጅግ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። መጽሐፍ ከተሰጣቸው እንዲህ ያሉት ከመቶ 30 ያህሉ ናቸው።

አያችሁ? የሰው ልጅ የሚፈልገው ሕመሙ እንዲቀንስለት ብቻ አይደለም። «የት ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ሰው ይፈልጋል። የሚያመውን ቦታ የሚነካለት እጅ ይፈልጋል። እማዬ «እጁ መድኃኒት ነው» ያለችው ውሸቷን አልነበረም። እጁ አጽናንቷታል። ያታለለንም እሱው ነው፤ ቀለል ሲላት የዳነች መሰለን። ደግሞም ብዙ የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሻሻላል፤ ምስጋናውን ግን በመጨረሻ የነካን እጅ ይወስደዋል።

ስለዚህ እናንተ በየቢሮው ተቀምጣችሁ የምትውሉ፣ መኪና የምትነዱ፣ ስልክ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ የምታመሹ ልጆች፣ ታሹ፣ አልከለክልም። ግን ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ሌሊት የማያስተኛ ከሆነ፣ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ ከመጣ፣ ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ እግር ከሰነፈ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ ማንም እንዳይጫናችሁ። ቀጥታ ሐኪም ቤት! በቪዲዮ ያያችሁትን አንገት ማዞርም ጓደኛችሁ ላይ አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ አይደርስም እንጂ የአንገት ደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ የያዛቸው ሰዎች አሉ።

ለወንድሜም ይሄንኑ ነገርኩት። ለካ ሰውየው «ለዓመት በሳምንት ሦስት ጊዜ ትመላለሳለህ፤ ቅድሚያ ክፈል» ብሎት ኖሯል። «ስለ ደም ግፊቴስ ስጠይቀው ‹እሱም ከአከርካሪህ ነው› አለኝ» ሲለኝ የፓልመር 95 ትዝ አለኝ። ወንድሜ አሁን ሌላ ካይሮፕራክተር ጋ ይሄዳል። ይኸኛው ስድስት ጊዜ አይቶት የሚሠራውን እንቅስቃሴ አሳየውና «ለግፊቱ ሐኪምህን ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው ጀርባህን ነው» አለው። እኔም «ይኸኛውን ያዘው» አልኩት። የኛ ሽማግሌ ወጌሻ ትዝ ብለውኝ ነው። ጥሩ እጅ የት ጋ ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

እማዬ መድኃኒቷን ዓመት ሙሉ ዋጠችና ዳነች። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለሳለች። ጀርባዋ ላይ ግን አንዲት ጉብታ ቀርታለች። ሳጥባት እጄ እዚያ ሲደርስ ዝም እላለሁ። እሷ ታውቅብኛለች መሰለኝ «እሺ እሺ፣ በርትተሽ እሺ እንጂ!» ትለኛለች።