ሰበርን የሚወስድ

ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ጽፈነዋል። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ ‹‹ዘጠኝ ወር የሆነው፣ ክትባቱን የጨረሰ፣ ንቁና ተጫዋች ቴሪየር ውሻ ለሚወደው ሰው በነፃ እንሰጣለን።›› አንዲት ውሸት የለበትም። ሁለታችንም ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን ነንና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚባሉትን ጥያቄዎች አሳምረን እናውቃቸዋለን። ‹‹ለምን››ን ብቻ ዘለልናት።

እኛ ማለት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተጋርተን የምንኖር ሁለት ሴቶች ነን። ውሻውን የተወልን የአንዳችን የቀድሞ አለቃ ነው፤ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ከክትባት ካርዱና ከግማሽ ከረጢት ምግብ ጋር ‹‹ሌላ ሰው እስኪገኝ›› ብሎ አስረከበን። ስድስት ኪሎ አይሞላም። ‹‹ይቺማ ድመት ናት›› ብለን ተቀበልነው። ጫማውን፣ ቻርጀሩን፣ የሶፋውን እግር በተራ ሲሰባብር ጊዜ ስሙን ሰበር አልነው። ሰበር ዜናም ቢሆን ከእሱ በላይ የለም፤ ማታ በር በከፈትን ቁጥር አዲስ ነገር አለ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቴሪየር የሚለው ስም ራሱ ‹‹መሬት›› ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮ እንዲያስወጣ፣ አይጥ እንዲይዝ የተዳቀለ ዘር ነው። የእኛው ዓይነት፣ ጃክ ረስል የሚባለው፣ ስሙን ያገኘው ከ1795 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. ከኖረ አደን ወዳድ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። (ቄስ ከነውሾቹ! እናቶቻችን ቢሰሙ ያማትባሉ።) እንዲህ ያለውን ፍጥረት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት አንዲት ክፍል ውስጥ ቆልፎ መሄድ ምን እንደሚመስል አስቡት። የሴራሚክ ወለል ሲቆፍር ይውላል። ከታች ‹‹ቆራሌው!›› የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ብሎኩን ያናውጠዋል። የታችኛው ፎቅ እማማ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውን ‹‹ልጆቼ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የማውቀው፤ የእናንተው ግን በኔ ራስ ላይ ነው የሚጮኸው›› አሉን።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ ኳሱን ይዞ ደረጃውን ሲሮጥ፣ ሰበር ከእጃችን አምልጦ ተከተለውና ባቱን ነከሰው። ጥርሱ ቆዳውን በስቶታል። እዚህ ላይ ቀልድ የለንም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብነው፤ ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ክትባት ተጀመረለት። ውሻውን ለ10 ቀን ጠብቁት ተባልን። አሥሩንም ቀን ውኃ መጠጣቱን፣ ምራቁን፣ አረማመዱን ስናይ ሰነበትን። ካርዱ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማኅተም አለ። እናት ግን የምታየው የልጇን እግር እንጂ ካርድ አይደለም። ‹‹ወስዳችሁ እንጦጦ ጣሉት!›› አለችን። ልንቆጣት አልቻልንም። በአሥረኛው ቀን ሰበር ደህና ነበር፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ግን የሁለት ሳምንት ቀነ ገደብ ሰጠን።

ማስታወቂያውን አይተው መጀመሪያ የደወሉት አንድ የጋራዥ ባለቤት ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ፦ ‹‹ይጮኻል?›› ጮቤ ረገጥን። ሄደን ስናይ ሰንሰለቱ ከበርሜል ጋር ታስሮ ይጠብቀናል፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር አይሆንም። ይዘነው ተመለስን። በሁለተኛው ማስታወቂያ ላይ ‹‹ሰንሰለት ለማይጠቀም›› የምትል ጨመርን፤ ‹‹ለምን›› አሁንም የለችም።

ሲኤምሲ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ቤተሰብ ወሰደው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ አይተናቸዋል። ስለ ንክሻው አልነገርናቸውም። በአራተኛው ቀን አባወራው ሰበርን በካርቶን ይዘውት መጡ። ሦስት ዶሮ ጨርሷል። የዶሮውን ዋጋ ብንዘረጋላቸው አልተቀበሉም። እታች በር ላይ ዘበኛው የልጁን ነገር አውርቷቸው ኖሯል። ‹‹ዶሮው ይቅር። ልጆች እንዳሉኝ እያወቃችሁ…›› አሉና ሳይጨርሱት ወረዱ።

ያን ማታ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። ሦስተኛውን ጻፍን፦ ‹‹ሰው ነክሷል። ዶሮ ገድሏል። ብቻውን ሲሆን ይጮኻል፣ ይቆፍራል። ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም። አይጥ ላለበት ግን ይሆናል።››

አምስት ቀን ዝም። በስድስተኛው ቀን ሰበታ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ደወሉ። ‹‹ልጄ፣ ያ የአይጡ ነገር እውነት ነው?››

ይዘነው ሄድን። ሰበር ገና ሲፈታ ከእህሉ ማዳበሪያዎች ጀርባ ገባ፤ ጋሼ ስማችንን ጠይቀው ሳይጨርሱ አይጥ በአፉ ይዞ ወጣ። እንዲህ ጅራቱን ሲቆላ አይተነው አናውቅም። ጋሼ ሳቁ። እኛ ግን ጥጉ ላይ የተነሰነሰውን የአይጥ መርዝ እያየን ነበር። መርዝ የቀመሰ አይጥ የበላ ውሻም ሊሞት ይችላል። ‹‹ወይ መርዙ ወይ እሱ ነው ጋሼ›› አልናቸው፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ መናገራችን እስካሁን ያሳፍረናል። ዝም ብለው ቆዩና ሠራተኛውን ጠርተው አስጠረጉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣

‹‹የነከሰው ልጅስ ዳነ?›› አሉ።

‹‹ድኗል፤ አንድ መርፌ ነው የቀረው።››

‹‹እህል ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። በሥራ ሰዓት ጓሮ ይዘጋበታል፣ ማታ ማታ ይለቀቃል። ሰንሰለት አልወድም፤ ግን አጥሬ ውስጥ መቆፈር ከጀመረ እደውላለሁ።››

እስካሁን አልደወሉም። እኛ ሁለት ጊዜ ደውለን፣ ሁለቱንም ጊዜ ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር የሰማነው ‹‹ደህና ነው! ደህና ነው!›› የሚለውን ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ከታች ‹‹ቆራሌው!›› ሲል ሁለታችንም ከአልጋ ተነስተን መስኮቱን ልንዘጋ ሮጥን።