«2018? ልክ ነው!»

ባለፈው ቅዳሜ ከደብተር ብዙም ከማትበልጥ ላፕቶፕ ጋር ስጨቃጨቅ መሸ። ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን ይዣት ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ፣ አራት ወር ሙሉ ከሻንጣ አላወጣኋትም። በመካከሉ እዚህ ፍራንክፈርት ቤቴ አዲስ ራውተር ገብቷል። ፓስወርዱን እጽፋለሁ፤ ታስባለች፣ ታስባለች፣ «መገናኘት አልተቻለም» ትላለች። አጠፋኋት፣ አበራኋት። ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጻፍኩት። ወይ ፍንክች!

ኢንተርኔት ለሚሰጠኝ ድርጅት ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ትሁት ሴት «መሣሪያዎ አርጅቷል፣ አዲስ ቢገዙ ይሻላል» አለችኝ። ምን እንደሆነች እንኳ አልጠየቀችም። አገር ቤት ቢሆን መጀመሪያ የሚባለው «እስቲ አምጣት» ነው።

በንዴት ደብረ ብርሃን ደወልኩ። የእህቴ ልጅ ጠባሴ በሚባለው ሰፈር ሞባይል ይጠግናል፤ ማታ ግን እናቴ ዘንድ ነው የሚያድረው፣ የቪዲዮ ጥሪዬን ያነሳውም ከዚያው ሆኖ ነው።

«ጋሼ፣ ስልክህ በዚያው ፓስወርድ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ፓስወርዱ ደህና ነው ማለት ነው። በል የስልክህን ሆትስፖት ክፈትና ላፕቶፗን በሱ ሞክራት።»

ሞከርኳት፤ ገባች።

«እሷም ደህና ናት። ጠቧ ከራውተሩ ጋር ነው። ሴኩሪቲ የሚለው ላይ ምን ተመርጧል?»

ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ። የመረጥኩትም ራሴ ነኝ፤ ራውተሩ የገባ ቀን «ጥበቃው ይጥበቅ» ብዬ። ይሄ ጥበቃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የኔዋ ላፕቶፕ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ስለሆነች የምታውቀው በ2004 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ 2ን ብቻ ነው። ፓስወርዱን በትክክል ይዛ ብትመጣም ራውተሩ በማታውቀው ቋንቋ «ማን ነሽ?» ይላታል። ሁለቱንም የሚቀበለውን ምርጫ ነካሁት፤ ወዲያው ተያያዘች።

ግን አንድም ገጽ አልከፍት አለች።

«ቀኑን እይልኝ እስቲ። ዓመቱ ስንት ይላል?»

«2018።»

«ልክ ነው» አለ።

«ልክ ነው» አልኩ።

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 12 ቀን ለእናቴ ፎቶ ሳሳያት ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየችና «ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ? ይሄ 18 የሚለው ከየት አምጥቶ ነው?» አለችኝ። ደስ ይበላት ብዬ 12/12/2017 አድርጌ ሞላሁት። ላፕቶፗም የፈረንጅ ቀን መስሏት ከዚያ እየቆጠረች 2018 ደረሰች። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ የሚያሳዩት ሰርተፍኬት ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው። ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ቆማ ስታየው፣ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ሆኖባታል። ቀኑን አስተካከልኩ፤ ሁሉም ተከፈተ። አዲስ ላፕቶፕ ግዛ ያለችኝ ሴትዮ ትስማ!

እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ጎረቤት አንኳኩቶ መጠየቅ አይታሰብም። ከፎቅ በታች ካለችው ሴትዮ ጋር ስድስት ዓመት ሰላም ተባብለናል፤ የሷን ዋይፋይ ለአንድ ማታ መዋስ ግን በሕልሜም አልሞክረው። ለነገሩ የባሕርይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመን ፌደራል ፍርድ ቤት፣ የቤቱን ዋይፋይ በአግባቡ ያልቆለፈ ሰው ሌላው በመስመሩ ለሚሠራው ጥፋት ተጠያቂነት አለበት ብሎ ፈርዶ ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2017 ላላ፤ የቆለፈው እጅ ግን አልላላም።

እናቴ ቤት ፓስወርዱ እንደ ቡና ነው፤ የመጣ ሁሉ ይቀምሳል። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ ጎረቤት ቤት ድረስ አይዘልቅም፤ ልጆቹ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንበው አጥራችን ሥር ይደረደራሉ።

ይሄ ደስ የሚለኝ ከሩቅ ሆኜ ሳወራው ነው መሰለኝ። ነሐሴ ላይ እዛው ሆኜ መሥሪያ ቤቴ በቪዲዮ ልደውል ብል ምስሉ አልንቀሳቀስ አለኝ። ራውተሩን ከፍቼ ብቆጥር 14 መሣሪያ ተያይዟል። ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ፓስወርዱን ቀየርኩት። ስለ ጀርመን ቁልፍ ይሄን ሁሉ የማማርረው ሰውዬ!

ቅዳሜ ማታ ልሰናበተው ስል የእህቴ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አትቆጣኝና… ያንን ፓስወርድ አንተ በተሳፈርክ ማግስት ወደ ድሮው መለስኩት። እማማ ‘ለልጆቹ ምን ዓይን አለኝ’ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ።»

«አሁን ስንት መሣሪያ አለበት?»

«16።»

ልቆጣው አፌን ስከፍት ምስሉ ደርቆ ቀረ፤ እየሳቀ፣ አንድ ዓይኑ እንደተጨፈነ። የኔው ዋይፋይ እንደሆነ አንድም ችግር አልነበረበትም። ከፍቼ አየሁት፦ ሁለት መሣሪያ፣ ስልኬና ላፕቶፔ።